የአምባ ጊዮርጊስ የጓሮ ድንች እና የዘሩ ጉዳይ

(ምስል፦ ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ፤ የወገራ ሜዳ፤ የቆርቆሮና የሣር ክዳን ቤቶች፤ በየቤቱ ጀርባ የታጠረ ጓሮ።)

ተራኪ፦ አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3 ሺህ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ የተቆረቆረች የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ዙሪያዋን የከበበው ደጋ ከጥንት ጀምሮ በገብስ፣ በስንዴና በባቄላ የታወቀ ምድር ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ በወገራ በኩል ወደ ጎንደር ሲገባ አካባቢው የነገሥታቱን ከተማ የሚመግብ የእህል አገር ነበር። ዛሬ ከቤት ጀርባ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከጎመኑ ጎን የሚበቅለው ድንች ግን በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ምድር ላይ አልነበረም።

የድንች መነሻ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች፣ በተለይም ዛሬ ፔሩና ቦሊቪያ የሚዋሰኑበት የቲቲካካ ሐይቅ አካባቢ ሲሆን፣ ተክሉ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስፔናውያን እጅ ወደ አውሮፓ ተሻግሯል። ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው፣ አብዛኛውን የጎልማሳነት ዕድሜውን በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ዕፅዋት በመሰብሰብ አሳልፎ እ.ኤ.አ. በ1878 ያረፈው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር መሆኑና ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1858 መሆኑ በብዙ ጽሑፎች ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ተክሉ በገበሬው ዘንድ ለመለመድ ረጅም ጊዜ የፈጀ ሲሆን፣ ይበልጥ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በደረሰውና ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ በሚያስታውሰው ረኃብ ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። ለዚህ ምክንያት መፈለግ አያዳግትም፤ በዚያ ዘመን የከብት በሽታ የእርሻ በሬዎችን ፈጅቶ ሞፈርና ቀንበሩ ሥራ ፈትቶ ስለነበር፣ በዶማ ብቻ ተቆፍሮ በትንሽ መሬት ላይ ብዙ ምግብ የሚሰጥ ተክል በሬ ለሌለው ቤተሰብ የሚሰጠው ጥቅም ከእህል ሁሉ የተለየ ይሆናል።

ድንች ቀዝቃዛ አየር ይወዳል። ከአፈር በታች የሚያድገው የሚበላው ክፍል በደንብ የሚያብጠው የአየሩ ሙቀት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ነው፤ ይህ ክፍል ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሥር ሳይሆን፣ ከመሬት በታች አግድም የሚሄድ ቀጭን ግንድ ጫፉ አብጦ የሚፈጥረው የምግብ ክምችት ነው። በላዩ ላይ የሚታዩት «ዓይኖች» የግንድ እንቡጦች በመሆናቸው፣ ድንች የሚባዛው በአበባው ፍሬ ሳይሆን ራሱን በመትከል ነው። የዚህ ዘገባ ዋና ጉዳይ የሚነሣውም ከዚሁ ነው፤ ምክንያቱም በእህል ዘር ብዙውን ጊዜ የማይተላለፍ የእናት ተክል በሽታ ሁሉ በዘር ድንች አማካይነት ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይሸጋገራል።

(ምስል፦ ከቤት ጀርባ የተቆፈረ መደብ፤ ፍግ የምትበትን እናት፤ የዶማ ድምፅ።)

በወገራ ደጋ ገብሱና ስንዴው በክረምቱ ዝናብ ተዘርተው ከጥቅምት ጀምሮ ስለሚታጨዱ፣ ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ የሚጎድልባቸው ወራት ናቸው። በበልግ ዝናብ ወይም በጓሮ ውኃ እየታገዘ የሚተከለው ድንች ግን እንደ ዝርያውና እንደ ከፍታው ከሦስት እስከ አራት ወር ተኩል ባለው ጊዜ ስለሚደርስ፣ አዲሱ እህል ከመታጨዱ በፊት ምጣድ ሳያስፈልግ በብረት ድስት ተቀቅሎ በበርበሬና በጨው ይቀርባል። በጾም ወራትም ከአልጫ ወጡ አይለይም። በደጋው አገር ድንች የረኃብ ጊዜ መሻገሪያ ሆኖ የመቆየቱ ምስጢር በዚህ የወር አቆጣጠር ውስጥ ያለ ሲሆን፣ ጓሮው ከዋናው እርሻ የሚበልጥበት ነጥብም በአካባቢው ሴቶች ዘንድ በደንብ የታወቀ ነው፤ ፍግ፣ አመድና የወጥ ቤት ጥራጊ ዓመቱን ሙሉ የሚደፋበት የቤት ጀርባ አፈር ከሩቁ ማሳ ይልቅ ልል፣ ጥቁርና እርጥበት የሚይዝ ነው።

በምርምር ተቋማት የሚመከረው አተካከል በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት መጠበቅ ነው። በዚህ ስሌት ርዝመቱና ወርዱ 10 ሜትር የሆነ ጓሮ 440 ያህል ተክሎችን ይይዛል፤ አንዱ ተክል ግማሽ ኪሎ ብቻ ቢሰጥ እንኳ ከዚያ ትንሽ መሬት ከሁለት ኩንታል በላይ ድንች ይሰበሰባል ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የዘር ድንች፣ አንዱ 50 ግራም ይመዝናል ቢባል፣ ከ22 ኪሎ አይበልጥም። ስለዚህ ለአንድ ቤተሰብ ዋናው ጥያቄ 22 ኪሎውን የማግኘት ሳይሆን 22 ኪሎው ከየትኛው ተክል የመጣ ነው የሚለው ነው።

በብዙ ቤት ያለው ልማድ ትልልቁን ድንች ወደ ገበያ መላክ፣ መካከለኛውን መብላት፣ ከሁሉም ያነሰውንና ማንም ያልፈለገውን ለዘር ማስቀረት ነው። ልማዱ ከችግር የመጣ በመሆኑ የሚያስነቅፍ ባይሆንም፣ ውጤቱ ግን ከባድ ነው። በቫይረስ የተያዘ ተክል ቅጠሉ ይጠቀለላል ወይም ይዥጎረጎራል፣ ቁመቱ ያጥራል፣ ከሥሩም የሚገኘው ጥቃቅን ድንች ብቻ ይሆናል፤ እንግዲህ ጥቃቅኑን እየመረጡ መትከል ማለት ሳያውቁት የታመመውን ተክል እየመረጡ ማባዛት ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገበሬው «ዘሩ አረጀ» ይላል። የዕፅዋት ሳይንስም በዚህ አይቃወመውም፤ ድንቹ ያረጀው ግን በዕድሜ ሳይሆን ከትውልድ ወደ ትውልድ በተጠራቀመ በሽታ ነው። በዚህ ረገድ አምባ ጊዮርጊስ የታደለች ናት፤ ቫይረሱን ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምተው ክሽክሽ የተባለው ጥቃቅን ነፍሳት በነፋሻማና በቀዝቃዛ ደጋ በቆላው ልክ ስለማይራባ፣ ከፍተኛ ቦታዎች ለዘር ድንች ማምረቻነት የተሻሉ ናቸው።

ባለፉት አሥርት ዓመታት የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ጃለኔን እ.ኤ.አ. በ2002፣ ጉደኔን በ2006፣ በለጠን በ2009 ያወጣ ሲሆን፣ በጎጃም የሚገኘው የአዴት ማዕከልም ዘንገናና ጓሳ የተባሉትን ዝርያዎች ለሰሜን ምዕራቡ ደጋ አቅርቧል። ብዙዎቹ መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ1971 በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ከተቋቋመው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል የመጡ መሥመሮች ናቸው። ለእነዚህ ዝርያዎች ትልቅ ምስጋና ይገባል፤ ሆኖም ስለ ድንች በተነገረ ቁጥር የአዳዲስ ስሞች ዝርዝር መቅደሙ ሚዛኑን ያዛባል፤ ምክንያቱም ምርጥ የተባለው ዝርያ ሁሉ በተዘናጋ አያያዝ ጓሮ ውስጥ ጥቂት ወቅቶችን ካሳለፈ ከቀድሞው የአገሬ ዝርያ ያልተሻለ ሆኖ ይገኛል።

(ምስል፦ ግድግዳው በርብራብ እንጨት የተሠራ አነስተኛ ማከማቻ፤ በመደርደሪያው ላይ አንድ ረድፍ ብቻ የተነጠፈ ዘር ድንች።)

አያያዙ የሚጀምረው ከማከማቻው ነው። ድንች ከተቆፈረ በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት «ይተኛል»፤ ይህ ማለት እርጥበትና ሙቀት ቢያገኝ እንኳ ለጊዜው አይበቅልም። ከዚያ በጨለማ ክፍል ወይም በጆንያ ውስጥ ከቆየ ጉንቁሉ ነጭ፣ ረጅምና በቀላሉ የሚሰበር ይሆናል። ፀሐይ በቀጥታ ሳያገኘው የተበተነ ብርሃን በሚገባበት መደርደሪያ ላይ በስሱ ከተነጠፈ ግን ጉንቁሉ አጭር፣ ጠንካራና አረንጓዴ ሆኖ ለብዙ ወራት ይቆያል። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ብርሃን ያረነጎደው ድንች ሶላኒን የተባለ መራራ መርዝ ስለሚያጠራቅምና ቅቅል ስለማያጠፋው፣ ለዘር የተመቸው ያው ድንች ለምግብ አይሆንም፤ ስለዚህ የዘሩና የወጡ ድንች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለየብቻ መቀመጥ አለባቸው። የቆርቆሮ ወይም የሣር ክዳን፣ የርብራብ ግድግዳና የቀርከሃ ወይም የባሕር ዛፍ መደርደሪያ ለዚህ በቂ ሲሆኑ፣ ለ22 ኪሎ ዘር ከቤቱ ታዛ ሥር የተሰቀለ አንድ መደርደሪያም ይበቃል። በብዙ ቦታ የሚታየው ሌላው ዘዴ፣ ማለትም ድንቹን ሳይቆፍሩ በመሬት ውስጥ ማቆየት፣ ቦታና ድካም ቢቆጥብም የድንች ብልንና ፍልፈልን የሚጋብዝ ነው። የፍልፈልን ጉዳት ከአምባ ጊዮርጊስ እናቶች በላይ የሚያውቅ ባለሙያ አይገኝም፤ ጃርት በሌሊት መጥቶ ትልሙን ቢገለብጥ ቢያንስ ጧት ይታያል፣ ፍልፈል ግን ቅጠሉን ሳይነካ ከሥር ከሥሩ ይበላል።

ከተከላ በኋላ ተክሉ አንድ ስንዝር ያህል ሲደርስ ይኮተኮታል፤ ከዚያም አፈሩ በሁለቱም ወገን ወደ ግንዱ እየተሳበ ይከመራል። በግብርና ባለሙያዎች አነጋገር አፈር ማስታቀፍ የሚባለው ይህ ሥራ ሁለት ጥቅም ይሰጣል፤ ድንቹ የሚያብጥበትን ልል አፈር ያበዛል፣ ወደ ላይ ብቅ የሚለውንም ከፀሐይ በመሸፈን እንዳይረነጉድ ያደርገዋል።

(ድምፅ፦ የክረምት ዝናብ በቆርቆሮ ላይ።)

በክረምት ለሚተከል ድንች ዋነኛው ጠላት በተለምዶ ምች እየተባለ የሚጠራው፣ ቅጠልና አገዳን የሚያጠቁር በሽታ ነው። ቅጠሉ በዝናብና በጉም ረጥቦ ሲውልና ሲያድር በነፋስ የሚዛመተው የበሽታው ዘር በቅሎ ይስፋፋል፤ ለበሽታው በሚመች ሳምንት አረንጓዴ የነበረው ጓሮ በሚቀጥለው እንደተቃጠለ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን ያራቆተው፣ ወደ 1 ሚሊዮን ሰው የፈጀውና ከዚያ የማያንስ ሕዝብ ያሰደደው ያው በሽታ ሲሆን፣ ጉዳቱን ያባባሰው አገሪቱ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ድንች በመትከሏ ነው። በኢትዮጵያም በሽታውን የማይቋቋሙ የአገሬ ዝርያዎችን የሚተክሉ ብዙ ገበሬዎች ከዋናው ክረምት ወደ በልግና ወደ መስኖ የሸሹት በዚሁ ምክንያት ነው። በሽታን የሚቋቋም ዝርያ መትከል፣ በአንድ ጓሮ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ማቀላቀልና የታመመውን ቅጠል ከማሳው ማውጣት ጉዳቱን ይቀንሳሉ፤ ኬሚካል መርጨት የግድ ከሆነም፣ ቤት አጠገብ ልጆችና ዶሮዎች የሚውሉበት ቦታ መሆኑን አስቦ መለኪያውንና የመጠበቂያ ቀኑን ማክበር ያስፈልጋል። ሌላው አደገኛ በሽታ አጠውልግ የሚባለው በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ ተክሉ ውኃ ያጣ መስሎ በድንገት ይጠወልጋል። ቀድሞ በሞቃታማ ቦታዎች ተወስኖ የነበረው ይህ በሽታ ጤነኛ በሚመስል ዘር ውስጥ ተደብቆ ወደ ደጋው እየወጣ በመሆኑ፣ ከማይታወቅ ገበያ ዘር ገዝቶ ወደ ጓሮ ማስገባት ጓሮውን ለዓመታት ሊያሳጣ ይችላል። ከድንች በኋላ ቲማቲም ወይም ቃሪያ መትከል ይህንኑ በሽታ መቀለብ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ገብስ ወይም ባቄላ ቢከተል ግን መሬቱ ያርፋል።

ከዚህ ሁሉ ግን በአምባ ጊዮርጊስ ጓሮ ውስጥ በጣም ሊሠራ የሚገባው፣ ገንዘብ የማይጠይቀው ሥራ የተክል መረጣ ነው። ተክሉ ማበብ ሲጀምር፣ ቅጠሎቹ ተገናኝተው ትልሙን ሳይሸፍኑ፣ ባለቤቲቱ በየመስመሩ እየሄደች ቅጠላቸው ያልተጠቀለለ፣ ብዙ አገዳ ያወጡና ከጎረቤቶቻቸው የበለጡ ተክሎችን ለይታ በአጠገባቸው ችካል ትተክላለች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ የታመሙትን ችካል ትነቅላለች። በኬንያ ገበሬዎች ማሳ የተደረገ ጥናት፣ በዚህ መንገድ ከራሳቸው ድንች ዘር የመረጡ ገበሬዎች እንደ ወትሮው ከመረጡት ከ30 በመቶ በላይ የበለጠ ምርት እንዳገኙ አሳይቷል። ሰፊ ማሳ ላለው ገበሬ አድካሚ የሆነው ይህ ሥራ፣ ጎመን ልትቀጥፍ በየቀኑ ወደ ጓሮዋ ለምትገባ ሴት የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው።

ምርቱ ሲደርስ፣ ከመቆፈሩ አሥር ቀን ወይም ሁለት ሳምንት አስቀድሞ አገዳው ይታጨዳል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የድንቹ ልጣጭ ይጠነክራል፣ ከቅጠል ወደ ታች የሚወርደው በሽታም ይገታል። ከጥቅምት ጀምሮ የሚወርደው የሌሊት ውርጭ ሳይመጣ፣ በደረቅ ቀን፣ መጀመሪያ የሚቆፈሩት ችካል የቆመላቸው ተክሎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ተክል ለብቻው ተቆፍሮ ከሥሩ የወጣው ይታያል፣ ጥቂት ወይም የበሰበሰ ድንች የያዘው፣ ቅጠሉ ያማረ ቢሆንም እንኳ፣ ወደ ድስቱ ይሄዳል፣ ከቀሩት ደግሞ የዶሮ እንቁላል የሚያህሉት ለዘር ተለይተው ወደ መደርደሪያው ይወጣሉ። ሌላው ጓሮ የሚቆፈረው ከዚያ በኋላ ነው።