«ወላጅ አምጣ» ያልሆነው ስልክ

አገር ቤት የተማረ ሰው «ወላጅ አምጣ» ሲባል ዛሬም ሆዱ ይረበሻል። ወይ መስኮት ተሰብሯል፣ ወይ ድብድብ ነበር፣ ወይ ልጁ ፎርፏል፤ በሰላም የተጠራ ወላጅ የለም። ሲያትል ውስጥ የአዳር ሥራውን ጨርሶ ገና ጋደም ያለ አባትም ስልኩ ጮኾ «ከልጅዎ ትምህርት ቤት ነው፣ ካውንስለሯ ነኝ» ሲባል መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው «ምን አጠፋ?» ነው።

ብዙ ጊዜ ምንም አላጠፋም። ካውንስለር ቀጪ አይደለችም። ሥራዋ ልጁ የሚወስዳቸውን ትምህርቶች ማስተካከል፣ ውጤቱ ሲያሽቆለቁል ምክንያቱን ማፈላለግ፣ ከጓደኛ ሲጣላ ወይም ሲያስቸግሩት ማነጋገር፣ ከ8ኛ ወደ 9ኛ ክፍል ሲሻገር መንገዱን ማሳየት ነው። በ2021 የወጣ የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ካውንስለሮች ቢያንስ 80 በመቶ የሥራ ጊዜያቸውን ተማሪን በሚጠቅም አገልግሎት ላይ እንዲያውሉ ያዛል። የሙያ ማኅበራቸው ለአንድ ካውንስለር 250 ተማሪ ይበቃል ቢልም፣ በአገሪቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች ቁጥሩ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ያልጠየቀ ወላጅ ይረሳል።

ሚድል ስኩል በሲያትል ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ነው። በኤለመንተሪ ልጁን እንደ እናት የምታውቅ አንዲት መምህርት ነበረች፤ እዚህ ግን ደወል በተደወለ ቁጥር መምህሩም ክፍሉም ይቀየራል። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ የለም። ደረጃ አይወጣም። በዚህ የተነሳ ብዙዎቻችን «ዋናው ሃይስኩል ነው» ብለን ሦስቱን ዓመት እናሳልፋለን። ስሕተታችን እዚህ ላይ ነው። በ8ኛ ክፍል አልጀብራ የወሰደ ልጅ ለሃይስኩል ክሬዲት ሊያዝለት ይችላል። ከሃይስኩል በኋላ ምን እንደሚሆን የሚያቅድበት ሰነድም በግዛቱ ደንብ ከ7ኛ ክፍል ይጀመራል።

ገንዘቡም ከዚሁ ይጀምራል። በ2007 የተቋቋመው ኮሌጅ ባውንድ የተባለው የግዛቱ ስኮላርሺፕ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ልጆች ሲሆን፣ ነፃ ወይም የቅናሽ ምሳ የሚገባቸው የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ዛሬ ያለ ማመልከቻ ይመዘገባሉ። የምሳውን የገቢ ቅጽ «ልጄን ማብላት አያቅተኝም» ብሎ በኩራት ሳይሞላ የሚተው ወላጅ አለ። ቅጹ ግን ከሳንድዊች በላይ ነው። ልጃችሁ ስሙ መግባቱን ካውንስለሯን ጠይቁ።

አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ። በዋሽንግተን 13 ዓመት የሞላው ልጅ የአእምሮ ጤና ተመላላሽ ሕክምና ለማግኘት የወላጅ ፈቃድ አያስፈልገውም። ካውንስለሯም ልጁ የነገራትን ሁሉ ለቤት አታወራም፤ ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ነው ብላ ከሠጋች ግን ዝም አትልም። ልጅ ተጎድቷል ብላ የምታምንበት በቂ ምክንያት ካላትም በ48 ሰዓት ውስጥ እንድታመለክት ሕጉ ያስገድዳታል። «የቤት ገመና ወጣ» ብሎ የሚቆጣ ወላጅ ይገባኛል። ግን ልጁ ለእኛ የማይለውን የሚልበት ሰው ማግኘቱ፣ ለማንም ሳይል ከመቅረቱ ይሻላል። የዓይነ አፋር ልጅ ዝምታ ጨዋነት ብቻ እንዳይመስለን።

ከሁሉ የሚያስቀኝም የሚያሳዝነኝም ግን ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ መሄድ ነው። ካውንስለሯ «ሰባት የቤት ሥራ አላስገባም፣ ክፍል ውስጥም ያንቀላፋል» ትላለች። አባት ወደ ልጁ ዞሮ «ምን አለች?» ይላል። «ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ይበርታ ብቻ አለች።» «ተመስገን!» ብሎ አባት እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ ይወጣል። እሷ ደግሞ «ምን ያህል ቀና አባት ነው!» ትላለች። ያልገቡት የቤት ሥራዎች ግን «ዘ ሶርስ» በተባለው የሲያትል የወላጆች ድረ ገጽ ላይ ከነውጤቱና ከነቀሪው ተዘርዝረው ይታያሉ። የይለፍ ቃሉ የልጁ ሳይሆን የእናንተ ይሁን።

አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የሚመነጭ መብት ነው፤ የሚያስከፍለውም የለም። አማርኛ ደግሞ በሲያትል ትምህርት ቤቶች እንግዳ ቋንቋ አይደለም፤ ከትምህርት ቤቶቹ አስተዳደር የሚወጡ ማስታወቂያዎች በአማርኛም ይተረጎማሉ። አስተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ መካከል ይገባል።

ትምህርት የሚከፈተው እንቁጣጣሽ አካባቢ ነው። ተጠርታችሁ እስክትሄዱ አትጠብቁ፤ በመስከረም፣ ልጁ ምንም ሳያጠፋ፣ እናንተ ቀድማችሁ ደውሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ስልኩ ሲነሳ ሦስት ቃል ይበቃል፦ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ»። ከዚያ መስመሩን ሳትዘጉ ጠብቁ።