የፈንገስ በሽታና የምርምር ገንዘብ፦ ተረትና እውነታ

ፈንገስ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ጭርትን፣ ቋቁቻን ወይም በእግር ጣቶች መካከል የሚያሳክክ ቁስልን ነው፤ ቅባት ተቀብተን የምንረሳውን ነገር። አንዳንድ ፈንገሶች ግን ወደ ደም፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ አንጎል ሽፋን ሲዘልቁ ሰው ይገድላሉ። እንዲህ ያሉትን ወራሪ የፈንገስ በሽታዎች ለማጥናት የሚመደበው ገንዘብ ከሚያደርሱት ጉዳት ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም። ለዚህ መዛባት ሽፋን የሚሰጡ አምስት የተለመዱ አስተሳሰቦችን አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ «ጥቂት ሰው የሚይዝ ብርቅ በሽታ ስለሆነ ገንዘቡም ማነሱ ተገቢ ነው።»

እውነታው፦ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት በየዓመቱ 6.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በወራሪ ፈንገስ እንደሚጠቁና ከዚሁ ጋር በተያያዘ 3.8 ሚሊዮን ያህል እንደሚሞቱ ያሳያል። ከሟቾቹ የ2.5 ሚሊዮኑ ቀጥተኛ የሞት ምክንያት ራሱ ፈንገሱ እንደሆነ ተገምቷል። በአንጻሩ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ ለተላላፊ በሽታዎች ምርምር ከሚወጣው ገንዘብ ውስጥ ለፈንገስ የሚደርሰው ከ1.5 በመቶ በታች ነው።

በሽታው ብርቅ የሚመስለው ስለማይመረመር ነው። መመርመሪያ በሌለበት በሽታው አይታወቅም፤ ካልታወቀ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ በሽታ በጀት አያገኝም፤ በጀት ከሌለ ደግሞ መመርመሪያው አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን አዙሪት ለመስበር እ.ኤ.አ. በ2022 ቅድሚያ ትኩረት የሚሹ 19 ፈንገሶችን የያዘ የመጀመሪያውን ዝርዝር አውጥቷል።

ተረት 2፦ «የሚያጠቃው ኤችአይቪ በደሙ ያለበትን ሰው ብቻ ነው፤ ለኤችአይቪ ደግሞ መድኃኒት ተገኝቷል።»

እውነታው፦ የኤችአይቪ መድኃኒት የብዙዎችን ሕይወት ታድጓል፤ ይሁን እንጂ ክሪፕቶኮከስ የሚባለው ፈንገስ የሚያመጣው ማጅራት ገትር አሁንም በዓመት 112 ሺህ ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል። ይህ ከኤድስ ጋር ከተያያዙ ሞቶች 19 በመቶውን ይሸፍናል።

ተጠቂዎቹም የኤችአይቪ ሕሙማን ብቻ አይደሉም። የካንሰር ሕክምና የሚወስዱ፣ የሌላ ሰው ኩላሊት የተተከለላቸው፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ፣ ስኳራቸው ከቁጥጥር ውጭ የሆነ ሁሉ ለአደጋው የተጋለጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 በሕንድ ከኮቪድ ጋር ተያይዞ «ጥቁር ፈንገስ» የተባለው በሽታ ከ45 ሺህ በላይ ሰዎችን እንደያዘ የአገሪቱ መንግሥት አስታውቋል።

ለኢትዮጵያ ደግሞ አንድ የተለየ ስጋት አለ። አስፐርጊለስ የተባለው ፈንገስ የሳንባ ነቀርሳ በሳንባ ውስጥ ትቶት በሄደው ባዶ ቦታ ይበቅላል። ምልክቶቹ ሳል፣ ክብደት መቀነስና ደም መትፋት ናቸው፤ ነቀርሳው ያገረሸ ይመስላል። ትክክለኛ ምርመራ ያላገኘ ሕመምተኛ ለፈንገስ ምንም የማይፈይደውን የነቀርሳ መድኃኒት ደጋግሞ ሊወስድ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ከሚበረታባቸው 30 አገሮች አንዷ ለሆነች አገር የዚህ ፈንገስ ጥናት ሊዘገይ የሚገባው አይደለም።

ተረት 3፦ «መድኃኒቱ አለ፤ አዲስ ምርምር ምን ያደርጋል?»

እውነታው፦ ወራሪ ፈንገስን ለማከም ያሉን ዋና ዋና የመድኃኒት ቤተሰቦች አራት ብቻ ናቸው። የፈንገስ ሕዋስ ከባክቴሪያ ይልቅ ለሰው ሕዋስ የቀረበ በመሆኑ ፈንገሱን የሚገድለው መድኃኒት ሰውየውንም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተገኘው አምፎቴሪሲን ቢ ኩላሊትን በመጉዳት ይታወቃል። አብሮት የሚሰጠው ፍሉሳይቶሲንም መጀመሪያ የተሠራው ለካንሰር ታስቦ ነበር።

ያሉትም መድኃኒቶች ኃይላቸው እየተፈተነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው ካንዲዳ ኦሪስ ዛሬ በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች ውስጥ ይገኛል፤ አንዳንዱ ዝርያውም ለብዙ መድኃኒቶች አይበገርም። አስፐርጊለስ ደግሞ በእርሻ ላይ ከሚረጩና ከሰው መድኃኒት ጋር አንድ ቤተሰብ ከሆኑ ኬሚካሎች መቋቋምን ይማራል፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ወስዶ የማያውቅ ሰው እንኳ መድኃኒት በተላመደ ፈንገስ ሊያዝ ይችላል። ለሰው አገልግሎት የተፈቀደ የፈንገስ ክትባት እስካሁን የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 እንደገለጸው፣ ባለፉት አሥር ዓመታት በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ኅብረት ወይም በቻይና የተፈቀዱት አዳዲስ የፈንገስ መድኃኒቶች አራት ብቻ ነበሩ።

ተረት 4፦ «ገንዘቡን የመድኃኒት ኩባንያዎች ያወጡታል።»

እውነታው፦ ኩባንያ ገንዘቡን የሚያፈስሰው ትርፍ በሚያይበት ነው። በክሪፕቶኮከስ የሚታመመው በአብዛኛው የመክፈል አቅም የሌለው ሰው ነው። ፍሉሳይቶሲን የባለቤትነት መብቱ ካበቃ በኋላ እንኳ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሳይመዘገብ ለዓመታት ቆይቷል። ይህን ክፍተት የሚሞላው የሕዝብና የበጎ አድራጎት ገንዘብ ነው።

ለዚህ የቆየ ምስክር አለ። በአፍ ውስጥ ለሚወጣ ፈንገስ ዛሬም የሚታዘዘውን ናይስታቲን እ.ኤ.አ. በ1950 ያስተዋወቁት በኒውዮርክ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት የሚሠሩት ኤልዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን ነበሩ። ከፈጠራ መብቱ የተገኘውን ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለራሳቸው አልወሰዱም፤ ለሳይንስ ምርምር ሰጡት። በስማቸው የተቋቋመው ፈንድም የፈንገስ ጥናትን ለዓመታት ደገፈ።

ተረት 5፦ «ለምርምር የወጣ ገንዘብ ወረቀት ላይ ይቀራል እንጂ ለአፍሪካ ሕመምተኛ አይደርስም።»

እውነታው፦ አምቢሽን የተባለው ጥናት ተቃራኒውን አሳይቷል። በቦትስዋና፣ በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ ከ800 በላይ የክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ሕመምተኞች ተሳትፈውበታል፤ ወጪውን የሸፈኑት በዋናነት የአውሮፓ የሕዝብ ተቋማትና በጎ አድራጊዎች ናቸው። ጥናቱ አምፎቴሪሲንን በየቀኑ ለሰባት ቀን በደም ሥር ከመስጠት ይልቅ፣ የተሻሻለውን ዓይነት አንድ ጊዜ ብቻ በከፍተኛ መጠን ሰጥቶ በሚዋጡ መድኃኒቶች ማገዝ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። በአሥር ሳምንት ውስጥ የሞቱት በአዲሱ ሕክምና 24.8 በመቶ፣ በቀድሞው 28.7 በመቶ ነበሩ፤ አዲሱ ከቀድሞው እንደማያንስ ተረጋገጠ፤ የጎንዮሽ ጉዳቱም ቀነሰ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ታተመ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በቀጣዩ ወር መመሪያውን ለወጠ።

ከዚያ ቀደምም በታንዛኒያና በዛምቢያ የተደረገ ጥናት፣ በሽታ የመከላከል አቅማቸው በጣም የተዳከመ የኤችአይቪ ሕሙማንን በደቂቃዎች ውጤት በሚሰጥ የክሪፕቶኮከስ የደም ምርመራ መፈተሽና ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መደገፍ ሞትን በ28 በመቶ እንደቀነሰ አረጋግጧል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ የጎደለው ችሎታ አይደለም። የአፍሪካ ሐኪሞችና ሕሙማን ዓለም የሚሠራበትን የሕክምና መመሪያ የሚቀይር ጥናት ማካሄድ እንደሚችሉ ታይቷል። የጤና ሚኒስቴርና የዩኒቨርሲቲዎቻችን የምርምር ክፍሎች ለፈንገስ ምርመራና ቆጠራ የራሱ የበጀት መስመር ይክፈቱለት፤ በውጭ አገር በየቤተ ሙከራው የሚሠሩ ወገኖቻችንም እውቀታቸውን ያካፍሉ። አንተም አንባቢ፣ አንቺም፣ የነቀርሳ ሕክምና ጨርሶ ሳሉ ያልተወው ዘመድ ካላችሁ «ፈንገስ ይሆን?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ሐኪሙ የሚመልሰው መልስ እንዲኖረው ለምርምሩ የሚገባው ገንዘብ መመደብ አለበት።