«ዴይ» ስንት ሰዓት ነው?

«ዴይ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ቃል አንዳንዴ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ያለውን ብርሃናማ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ጨምሮ 24ቱን ሰዓት ያመለክታል። በአማርኛ የመጀመሪያውን «ቀን»፣ ሁለተኛውን «ዕለት» ብለን ልንለያቸው እንችላለን፤ ምንም እንኳ በዘወትር ንግግራችን «ቀን»ን ለሁለቱም ብንጠቀምበት።

ለሥነ ፈለክ ተማሪ ይህ አይበቃውም። ምድር ከሩቅ ከዋክብት አንጻር በዛቢያዋ ላይ አንድ ሙሉ ዙር የምትሽከረከረው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ገደማ ነው። በዚሁ ጊዜ በምሕዋሯ 1 ዲግሪ ያህል ስለምትጓዝ፣ ፀሐይን መልሳ በዚያው አቅጣጫ ለማግኘት ለተጨማሪ 4 ደቂቃ ያህል መሽከርከር ይኖርባታል። ፊተኛው የከዋክብት ዕለት፣ ኋለኛው የፀሐይ ዕለት ይባላል።

አራት ደቂቃ ምን አላት ያሰኝ ይሆናል። ነገር ግን ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚቀመጥ የቴሌቪዥን ሳተላይት ምድርን መዞር ያለበት በከዋክብቱ ዕለት ነው። መሐንዲሱ «ዴይ»ን 24 ሰዓት ብሎ ቢወስደው፣ ሳተላይቱ በየዕለቱ 1 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ይንሸራተታል፤ ከጥቂት ዕለታት በኋላም በየጣሪያው የተተከለው ዲሽ ወደ ባዶ ሰማይ ይመለከታል።

በቬኑስ ላይ ግራ መጋባቱ ይብሳል። የከዋክብት ዕለቷ 243 የምድር ዕለታት ሲሆን፣ 225 ዕለታት ከሚፈጀው ዓመቷ ይበልጣል፤ የፀሐይ ዕለቷ ግን፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለምትሽከረከር፣ 117 ገደማ ብቻ ነው።