የስትራስበርግ ክንድ

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የሚኖር ሐበሻ የቤዝቦል ቡድኑን የናሽናልስን ቀይ ኮፍያ ሳያይ አይውልም። ኮፍያውን ያደረገ ሁሉ ግን ጨዋታውን ያውቃል ማለት አይደለም፤ ቤዝቦል ለአዲስ ተመልካች ረጅምና ዝግ ያለ ነው። ነገሩ የሚገባን ወርዋሪውን፣ ማለትም ፒቸር የሚባለውን ተጫዋች ማየት ስንጀምር ነው። ወርዋሪው 25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባላት የአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ 145 ግራም ገደማ የምትመዝን ኳስ 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ርቃ ከመቺው ጎን መሬት ላይ ወደተነጠፈችው ነጭ ሰሌዳ ይወረውራል። ኳሷ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ከበረረች ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ትደርሳለች። እሱ ሳይወረውር ምንም ነገር አይጀመርም። ይሁንና እንጀራ የሚያበላው ጉልበት ከሙያው የሚያሰናብተውም ነው። ስለዚህ ክንዱ መቼ ይረፍ የሚለው ውሳኔ ለዛሬ ድል ብቻ በሚቸኩሉ ሰዎች እጅ መውደቅ የለበትም እላለሁ።

ጉዳቱ የሚመጣው ከአወራወሩ ነው። ክንዱ ወደ ኋላ ተለጥጦ መዳፉ ወደ ሰማይ ሲያይ፣ ደረቱ ደግሞ ቀድሞ ወደ መቺው ሲዞር፣ የክርኑ ውስጠኛ ጎን ሊከፈት ይደርሳል። እንዳይከፈት አጥንቶቹን አያይዛ የምትይዘው አንዲት አጭር ጅማት ናት። ጡንቻ በልምምድ ይፈረጥማል፤ ጅማት ግን በዚያው መጠን አትጠነክርም። እ.ኤ.አ. እስከ 1974 ድረስ ይህች ጅማት የተበጠሰችበት ወርዋሪ ሥራው አበቃለት ማለት ነበር። በዚያ ዓመት የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱ ግራኝ ቶሚ ጆን ጉዳቱ ሲደርስበት ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ ከቀኝ እጁ አንድ ጅማት ወስዶ በግራ ክርኑ አጥንቶች ላይ ባበጃቸው ቀዳዳዎች አሳልፎ ተከለለት። ቶሚ ጆን በ1976 ተመልሶ እስከ 1989፣ ዕድሜው 46 እስኪሆን ድረስ ወረወረ። ካገኛቸው 288 ድሎች 164ቱ ከሕክምናው በኋላ የመጡ ናቸው። ቀዶ ሕክምናው ዛሬም በስሙ ይጠራል።

የናሽናልሱ ስቲቨን ስትራስበርግ በዚያው መንገድ አልፏል። በ2009 ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት ከሁሉም ቀድሞ ተመረጠ። በ2010 ሰኔ ወር ፒትስበርግን በገጠመበት የመጀመሪያ ጨዋታው 14 መቺዎችን በስትራይክ፣ ማለትም ኳሱን በወጉ ሳይመቱት አስወጣ። ሦስት ወር ሳይሞላ ጅማቱ ተበጥሶ ለቀዶ ሕክምና ተኛ። ሙሉ የውድድር ዘመን ሊጫወት የተመለሰው በ2012 ነበር፤ ያኔ ዋሽንግተን ከሁሉም ቡድኖች በላይ 98 ጨዋታ ያሸነፈችበት ዓመት ነው። የቡድኑ ኃላፊ ማይክ ሪዞ ግን ስትራስበርግ በዓመቱ 159 ኢኒንግ፣ ማለትም የጨዋታ ዙር፣ ከአንድ ሦስተኛ እንደወረወረ፣ ክንዱ ምንም ሳይለው፣ መስከረም ላይ አሳረፉት። ቡድኑ ያለ እሱ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባና በሴንት ሉዊስ ተሸነፈ። በመጨረሻው ጨዋታ ዘጠነኛው ኢኒንግ ሲገባ በሁለት ነጥብ ይመራ ነበር። ከተማዋ ተቆጣች፤ ስትራስበርግ ራሱም በውሳኔው አልተደሰተም።

ውሳኔውን የሚነቅፉ ሁለት ነገር ያነሳሉ፣ ሁለቱም ቀላል አይደሉም። አንደኛው፣ ዋንጫ በየዓመቱ አይመጣም የሚል ነው። ናሽናልስ ግን በ2019 ዋንጫውን ሲያነሳ በፍጻሜው ሁለት ጨዋታ አሸንፎ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች የተባለው ይኸው ያረፈው ክንድ ነው። በ2012 ባይቆም ኖሮ ክንዱ እስከዚያ አይደርስም ነበር ብሎ መማል አይቻልም። ይቻላል የምለው፣ ጅማቱ ገና አዲስ በሆነ ልጅ ላይ ያን አደጋ አለመውሰድ ትክክል ነበር ማለትን ነው። ሁለተኛው ነቀፋ ይከብዳል፤ እንክብካቤውም አላዳነው ይላል። እውነት ነው። ከዋንጫው በኋላ የሰባት ዓመት፣ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ ከዚያ ወዲህ የወረወረው በስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። በአንገትና በትከሻ መካከል የሚያልፉ ነርቮች ተጨምቀው በ2021 ደግሞ ሌላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በ2024 ጡረታ ወጣ። እኔ ከዚህ የምረዳው ዕረፍት ከንቱ መሆኑን ሳይሆን፣ ቢጠነቀቁለትም ክንድ የሚያልቅ ነገር መሆኑን ነው። እንደዚያም ሆኖ በ2012 እና በ2019 መካከል የተገኙት ዓመታት አንድ ሙሉ የሙያ ዕድሜ ናቸው።

ክንዱ እንዲተርፍ ፍጥነትን ተዉ ብሎ መምከርም መፍትሔ አይሆንም። ጄሚ ሞየር ከብዙዎቹ ባልደረቦቹ በዘገየ ኳስ፣ በተንኮልና በትክክለኛነት እየተጫወተ በ2012 በ49 ዓመቱ ጨዋታ አሸንፏል። እሱ ግን ብርቅ ነው። ፈጣን ኳስ ለመምታት ይከብዳል፤ ስለዚህ መልማዮች ፍጥነት ይፈልጋሉ፣ ልጆቹም ያን ያውቃሉ። ለቡድኑ ሒሳቡ ያዋጣል፤ አንዱ ሲሰበር ሌላ ይተካል። ወርዋሪው ግን ምትክ ክንድ የለውም፤ ቡድኑንም እንዳሻው አይለውጥም። በ1975 አንዲ መሰርስሚዝና ዴቭ ማክናሊ የተባሉ ሁለት ወርዋሪዎች በግልግል ዳኝነት እስኪያሸንፉ ድረስማ ውሉ ያለቀ ተጫዋች እንኳ ወደ ፈለገው ቡድን መሄድ አይችልም ነበር። ዛሬም ያ ነፃነት የሚገኘው በከፍተኛው ሊግ ስድስት ዓመት ከተቆጠረ በኋላ ነው፤ ብዙ ክንድ እዚያ አይደርስም።

ጥንቃቄው መጀመር ያለበትም ከልጅነት ነው። የሕፃናቱ ሊትል ሊግ ከ2007 ጀምሮ የውርወራ ቁጥር ገድቧል፤ የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ በቀን ከ85 በላይ አይወረውርም፣ 66 ወይም ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን ያርፋል። ገደቡን መቁጠር የአሠልጣኙ ሥራ ነው። ልጁ በሳምንት ለሁለት ቡድን የሚወረውር ከሆነ ግን አንዱ አሠልጣኝ የሌላውን ቁጥር ላያውቅ ይችላልና፣ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ልጁን የሚያጫውት ወላጅ ሁለቱን ደምሮ ራሱ መያዝ አለበት።