ከሽቅድምድሙ ሜዳ በስተጓሮ

ስለ ፈረስ ሲወራ እኛ ኢትዮጵያውያን እንግዶች አይደለንም። ነገሥታቱንና መኳንንቱን በፈረሳቸው ስም ስንጠራ የኖርን ሕዝብ ነን፤ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ይባሉ ነበር። ነገር ግን ሌሊት ተነሥቶ ለታጠቅ ገብስ ያቀረበውና ኮቴውን የጠረገው ሰው ስሙ ማን ነበር ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከመካከላችን ፈጥኖ የሚመልስ አይገኝም። ፈረስ ስም ያስጠራል፤ ጠባቂው ግን ሳይጠራ ይኖራል።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። የፈረስ ሽቅድምድም ትልቅ ንግድ በሆነባቸው አገሮችም ተመልካቹ የሚያየው ሁለት ደቂቃ ያህል የሚፈጀውን ሩጫ ነው። ያን ሁለት ደቂቃ የሚያዘጋጀው ሥራ ከአጥር ወዲያ ተሸሽጎ ይውላል። የፈረስ ሜዳ እንዴት እንደሚኖርና እንዴት እንደሚሞት ለመረዳት በአሜሪካ፣ በቦስቶን ከተማ የነበረውን የሰፎክ ዳውንስ ሜዳ ምሳሌ አድርገን እንመልከት። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰፎክ ዳውንስ የተከፈተው በ1935 ነው። በ1936 ቶም ስሚዝ የተባለ አሠልጣኝ ብዙ ሰው ከቁም ነገር ያልቈጠረውን አንድ ዳማ ፈረስ በዚህ ሜዳ ላይ አየ፤ አሠሪው ቻርልስ ሃዋርድም በ8,000 ዶላር ገዛው። ሲቢስኪት የተባለው ይኸው ፈረስ በ1937 ወደዚያው ሜዳ ተመልሶ ከፍተኛውን የማሳቹሴትስ ሽቅድምድም አሸነፈ፤ በኋላም ስሙ በመላው አሜሪካ ታወቀ።

እንግዲህ ወደ ጓሮው እንለፍ። በአሜሪካ የፈረስ ሜዳዎች ሥራ የሚጀመረው ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ፈረስ ጠባቂ በአብዛኛው አራት ወይም አምስት ፈረስ ይመደብለታል። በመጀመሪያ የእያንዳንዱን እግር ከጉልበት እስከ ኮቴ ይዳብሳል፤ የሞቀ ወይም ያበጠ ጅማት ካገኘ ለአሠልጣኙ ያስታውቃል። ከዚያ ፍጉን ይጠርጋል፣ ጭዱን ይለውጣል፣ ኮቴውን ያጸዳል፣ ጠጉሩን ይቦርሻል፣ ኮርቻ ይጭናል። የማለዳው ጋላቢ ፈረሱን በሜዳው አሩጦ ሲመልሰው፣ ሌላ ሠራተኛ ይረከብና እስኪበርድለት ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል እየመራ ያዞረዋል። በጓሮው አነስተኛውን ደመወዝ የሚያገኘው ይህ አዟሪ ነው። ፈረስ እሑድም ስለሚበላ በጓሮው ሙሉ ሰንበት የሚባል ነገር የለም።

ከነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ ከሜክሲኮ፣ ከጓቴማላና ከመሳሰሉት አገሮች የመጡ ናቸው። አያሌዎቹም በጋጣዎቹ አጠገብ በተሠሩ ጠባብ ክፍሎች ያድራሉ። ስለዚህ ሜዳው ሲዘጋ እንጀራቸውንና ማደሪያቸውን በአንድ ቀን ያጣሉ።

የገንዘቡ አካሄድ ደግሞ እንዲህ ነው። ተወራራጆች የሚያስይዙት ገንዘብ ሁሉ በአንድ ይጠራቀማል። ከመቶው ከ15 እስከ 25 የሚሆነው ተቀንሶ ለመንግሥት ቀረጥ፣ ለሜዳው ባለቤትና ለሽልማት ይከፋፈላል፤ የቀረው ትክክል ለገመቱት ይመለሳል። ከሽልማቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚወስደው የአንደኛው ፈረስ ባለቤት ነው፤ ከዚህም ላይ ለአሠልጣኙና ለጋላቢው ለእያንዳንዳቸው ዐሥር በመቶ ያህል ይከፍላል። የጠባቂው ደመወዝ የሚወጣው ግን ባለቤቱ ለአሠልጣኙ በየቀኑ ከሚቈርጠው ሒሳብ ነው። ፈረሱ የሚሮጠው በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ የሚበላው ግን በየቀኑ ነው፤ ድርቆሹና አጃው ተደምሮ በቀን 10 ኪሎ ያህል ይሆናል። ያላሸነፈ ፈረስ ለባለቤቱ ዕዳ ነው ማለት ነው።

በአነስተኛ ሜዳዎች አብዛኛው ሩጫ የሚካሄደው የመሸጫ ዋጋቸው አስቀድሞ በተወሰነ ፈረሶች መካከል ነው። ከሩጫው በፊት ዋጋውን ያስያዘ ሌላ ባለቤት ወይም አሠልጣኝ ሩጫው እንዳለቀ ፈረሱን ይዞ ይሄዳል። ደንቡ ብልኅነት አለው፤ ብርቱ ፈረሱን ከደካሞች ጋር አሰልፎ በቀላሉ ሊያሸንፍ የሚያስብ ሰው ፈረሱን እንዳያጣ ይፈራልና። ነገር ግን ለወራት እግሩን ሲያሽለት የነበረው ጠባቂ፣ ጠዋት ያበላውን ፈረስ ማታ ሌላ ሰው ሲስበው ቆሞ ያያል።

ሰፎክ ዳውንስን ያዳከመው ምንድን ነው? በ1972 የማሳቹሴትስ መንግሥት ሎተሪ ማካሄድ ጀመረ። በ1992 በጎረቤት ግዛት በኮነቲከት ፎክስዉድስ የተባለው ትልቅ ካዚኖ ተከፈተ። ከዚህም ጋር ተወራራጁ የሩቅ አገር ሽቅድምድም በቴሌቪዥን እያየ፣ ከቤቱ ሳይወጣ መወራረድ ቻለ። ውርርዱ ሲያንስ ሽልማቱ ያንሳል፤ ሽልማቱ ሲያንስ ጥሩ ፈረስ ያላቸው ባለቤቶች ይሄዳሉ፤ ዐሥር ፈረስ ይሮጥበት በነበረው ሜዳ አምስት ሲሮጥ ተወራራጁ ይሰለቻል፤ ውርርዱም እንደገና ያንሳል። ድህነት ድህነትን ይወልዳል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ሜዳው ከ1989 በኋላ ተዘግቶ በ1992 እንደገና ተከፈተ፤ ጤናው ግን አልተመለሰም።

የመጨረሻው ተስፋ በ1935 ሜዳውን ሲከፍቱት ያልታሰበ ነበር፤ ራሱ ካዚኖ መሆን። ማሳቹሴትስ በ1911 ሳይሆን በ2011 ባወጣው ሕግ ካዚኖን ፈቀደ። በ2013 የምሥራቅ ቦስቶን ነዋሪዎች በድምፃቸው ዕቅዱን ጣሉት። ቁማርን በደጃቸው ባለመፈለጋቸው ልንወቅሳቸው አይገባም፤ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። በ2014 ፈቃዱ በአቅራቢያው በኤቨረት ከተማ ለሚሠራ ካዚኖ ተሰጠ፤ ሜዳውም መደበኛ ውድድሩን በዚያው ዓመት አቆመ። ሲቢስኪት ለሜዳው ያተረፈለት ስም አላዳነውም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ!

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ዋናውን ትምህርት ይሰጠናል። ከ2015 እስከ 2019 በየዓመቱ ጥቂት የውድድር ቀኖች ብቻ ይደረጉ ነበር። የካዚኖው ሕግ ለፈረስ ሽቅድምድም መርጃ ባቋቋመው ገንዘብ ምክንያት ሽልማቱ ደኅና ነበር፤ ተመልካችም አልታጣም። ነገር ግን ጓሮው ተበትኖ ነበር። ብዙዎቹ ፈረሶች ከሌሎች ግዛቶች በመኪና ተጭነው መጥተው፣ ሮጠው፣ ተመልሰው ይሄዱ ነበር። ይህ የበዓል ቀን ነበር እንጂ ሜዳ አልነበረም። የኤቨረቱ ካዚኖ በጁን 23 ቀን 2019 ተከፈተ፤ ሰፎክ ዳውንስ በሳምንቱ፣ በጁን 30፣ የመጨረሻውን ፈረስ አሮጠ። መሬቱም አስቀድሞ በ2017 በ155 ሚሊዮን ዶላር ለሕንፃ ሥራ ተሽጦ ነበር።

አንድ ድርጅት ሲደክም ሹማምንቱና ባለገንዘቦቹ የሚነጋገሩት ስለ ፈቃድ፣ ስለ ሽልማትና ስለ መሬት ዋጋ ነው። ሌሊት በዐሥር ሰዓት የሚነሣው ሰው በሒሳቡ ውስጥ የሚገባው «ወጪ» ተብሎ ብቻ ነው። የሰፎክ ዳውንስ ታሪክ እንደሚያሳየን ግን ገንዘቡ ተመልሶ ሲመጣ ያ ሰው አብሮ አይመለስም፤ እርሱ ከሌለ ደግሞ ሜዳው ባዶ ሣር ነው። ዛሬ በዚያ ሠፈር የባቡር ጣቢያው አሁንም ሰፎክ ዳውንስ ይባላል። የፈረሱ ሜዳ ስሙን አትርፏል፤ የጠባቂዎቹን ስም የያዘ ጣቢያ ግን የለም።