የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ሙከራዎችና የመዝገባቸው ጥራት

ክሊኒካዊ ሙከራ፣ ማለትም አንድ ሕክምና በሰዎች ላይ የሚፈተንበት ጥናት፣ የመጀመሪያው ታካሚ ከመግባቱ በፊት ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ እንዲሰፍር የሚጠየቀው ተመራማሪው ምንን፣ በምንና መቼ እንደሚለካ አስቀድሞ እንዲታወቅ ነው። ከሕብለ ሰረሰር ጉዳት በኋላ አንዳንድ ታካሚዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት በራሳቸው በከፊል ስለሚያገግሙ፣ የመለኪያው ጊዜ በግልጽ ካልተወሰነ የተፈጥሮው መሻሻል ለሚፈተነው ሕክምና ሊቆጠር ይችላል። በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት ጥናት ጉዳት በደረሰባቸው በ8 ሰዓት ውስጥ የታከሙት እንደተጠቀሙ ቢገልጽም፣ ያ የሰዓት ወሰን አስቀድሞ የታቀደ ነው ወይስ ውጤቱ ከታየ በኋላ የተመረጠ የሚለው ክርክር ለዓመታት ቀጥሏል፤ ነገሩን ሊያጣራ ይችል የነበረው የአሜሪካው መዝገብ፣ ክሊኒካልትራያልስ ዶት ጎቭ፣ የተከፈተው ግን በ2000 ነው። በ2007 የወጣው የአገሪቱ ሕግ የሚመለከታቸው ሙከራዎች የዋናው መለኪያ መረጃ ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ በ12 ወራት ውስጥ ውጤታቸውን እንዲያስገቡ ያዛል። ይሁንና መለኪያው «የእንቅስቃሴ መሻሻል» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ የጉዳቱን ክብደት ከኤ እስከ ኢ የሚመድበው የኤሺያ ደረጃ ይሁን ወይም የጡንቻ ጥንካሬ ነጥብ ካልተለየ፣ ምዝገባው ለስም ያህል ነው። የጥናት ውጤት የሚያነብ ባለሙያ የመዝገቡን የለውጥ ታሪክ ከታተመው ጽሑፍ ጋር ሊያስተያይ ይገባል።