ያውቁ ኖሯል? አንድ ሣር፣ ሁለት ሆድ!

በአዊ ዞን፣ ጥሊሊ መስክ ላይ ፈረስና በሬ ጎን ለጎን አንድ ሣር ይግጣሉ። እዚያ ፈረስም እንደ በሬ ያርሳል! ሣሩ ከጉሮሮ ከወረደ በኋላ ግን መንገዱ ለየቅል ነው!

የበሬ ሆድ አራት ክፍል አለው! ሽንፍላ ያጠቡ እናቶች እጥፋቱን አሳምረው ያውቁታል። ፈረስስ? አንዲት ትንሽ ጨጓራ ብቻ! የምትይዘው ከ8 እስከ 15 ሊትር ነው። የትልቅ ላም ሆድ ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል! አህያና በቅሎም እንደ ፈረስ ናቸው።

ላም ከላይ የፊት ጥርስ የላትም! ሣሩን በምላሷ ጠቅልላ ትነጨዋለች፤ ከዚያ ጋደም ብላ ታመሰኳለች። በቀን እስከ 8 ሰዓት! ፈረስ አያመሰኳም፤ የዋጠው ወደ አፉ አይመለስም!

ፈረስ ማስታወክ አይችልም! የጨጓራው በር ያስገባል እንጂ አያስወጣም። ማግሳትም አይሆንለትም። ላም ግን በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ጋዝ ታገሳለች!

የፈረስ ጨጓራ ባዶውንም አሲድ ያመነጫል! ምራቁ ደግሞ የሚፈሰው ሲያኝክ ነው። እና ምን ያድርግ? በቀን እስከ 16 ሰዓት ይግጣል!

ይህችን ይስሙማ! በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመተው ፈረስ የሐሞት ከረጢት አልነበረውም! በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚያሰልፋቸው ሸጋ ፈረሶችም የላቸውም። የትኛውም ፈረስ የለውም! ሐሞቱ ከጉበት በቀጥታ፣ ያለማቋረጥ ወደ አንጀት ይወርዳል።

በሬ ሣሩን የሚያብላላው ከፊት፣ ፈረስ ግን ከኋላ ነው! ትንሹ አንጀት ካለቀ በኋላ አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም ከረጢት ይጠብቀዋል። ፋንድያን ፈርከስ አድርገው ይዩት፤ የሣሩ ጭረት ገና አላለቀም! እበት ግን ልም ነው። አውድማ በእበት እንጂ በፋንድያ ሲለቀለቅ አይተዋል?

የፈረስ ውርንጭላ የእናቱን ፋንድያ ይበላል! አይደንግጡ። ሣር የሚያብላሉለትን ጥቃቅን ሕዋሳት ከዚያም ያገኛል!

የጣና ጉማሬ ሆዱ ክፍል ክፍል ነው፤ ግን አያመሰኳም! ግመል ታመሰኳለች፤ የሆዷ ክፍል ግን ሦስት ነው! የስሜን ጭላዳስ? የዝንጀሮ ወገን ሆኖ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ያውም በአንድ ጨጓራ!

ፈረስ ካለዎት ገብሱን ባንዴ አይዘርግፉለት! ጥቂት በጥቂት ይስጡት። ፈረስን የሆድ ቁርጠት ይገድለዋል!